የመሰላሉን እግር የሚይዝ

መስከረም 20

ለወንድሜ ልጅ ለጥድፌ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤናሽ የተሟላ፣ ጉልበትሽም ያልጎደለ ይሁን። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ሰማንያ የሚሉኝ አሉ፤ ቸኩለው ነው። መጋዜን የምስለው ራሴ ነኝ፣ ሸሚዜን የማጥበው ራሴ ነኝ፣ ለእራቴም ድስት የምጥደው ራሴ ነኝ። ከላይ አራት ከታች ስድስት ጥርስ ቀርቶኛል፤ አንዱም ሥራ ፈት አይደለም። ሜትር ያለ መነጽር አነባለሁ። ደብዳቤ ስጽፍ ግን የባለቤቴን፣ የእትዬሽን መነጽር ነው የማደርገው፣ አንድ ጎኑ በክር የታሰረውን። በሃምሳ ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ አይደለች? ስሳሳት አሁንም በመነጽሩ ውስጥ ሆና የምትገላምጠኝ ይመስለኛል። ነፍሷን ይማር።

መሰላልም እሠራለሁ። ድሮ በወር አራት ነበር፣ አሁን ሦስት ነው። ሠርቼ ስጨርስም እንደ ልማዴ አንድ ከረጢት አሸዋ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ገዢው ቆሞ እያየ፣ እስከ ላይኛው እርከን ወጥቼ እወርዳለሁ። እኔ ያልወጣሁበት መሰላል ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ይኸው ሃምሳ ሁለት ዓመት። ይህን ላንቺ መንገር አያስፈልግም። «ጋሼ ሰማይ ሊገባ ነው!» እያልሽ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ስትጠሪ ነው ያደግሽው፤ ያውም እየሮጥሽ። ጥድፌ ያልኩሽ በከንቱ ነው?

የላክሽው ገንዘብ ደርሶኝ በመጣበት እግሩ መልሼዋለሁ። አትቀየሚ። ሲቸግረኝ እነግርሻለሁ። አይቸግረኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከፊት ለፊቴ፣ ጫማ ሰፊው በነበረበት ቤት፣ አንዲት ሴትዮ ሱቅ ከፍታለች። የምትሸጠው የአሉሚኒየም መሰላል ነው። ሲያዩት ያብለጨልጫል፣ ሲያነሱት ይቀላል፣ ሲነኩት እንደ ድስት ክዳን ይንኳኳል። ሰፈሩ ባለአሉሚኒየሟ ይላታል። እኔን ደግሞ አባ ሽብልቅ ብላ ስም አውጥታልኛለች። ሚስማር አልነካም፤ እርከኑን በቀዳዳው አስገብቼ በእንጨት ሽብልቅ ነው የማጠብቀው፣ ለዚያ ነው። ስድብ መስሏታል። እኔ ደግሞ ደስ እያለኝ ዝም እላታለሁ።

በያንዳንዱ መሰላሏ ጎን ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ገዢው ሁሉ ያንን ያነብና ራሱን ነቅንቆ ኪሱ ይገባል። እሷን አልጠይቅም፤ ለምን ብዬ! ሱቋን ዘግታ ምሳ ስትሄድ በመስኮቱ እያየሁ እንደ ሥዕል አድርጌ ገልብጬዋለሁ። ከዚህ ወረቀት ጀርባ ታገኚዋለሽ። ምን እንደሚል፣ ያለሽበት አገር ሰዎችም መቼና ለማን እንደሚሉት አስረጂኝ። ፍቺውን ብቻ አትላኪልኝ፤ አነጋገሩን ነው የምፈልገው። ከፊቴ ቆሞ ገበያዬን የሚወስደውን ነገር ማወቅ አለብኝ።

እጁ የማይንቀጠቀጠው አጎትሽ


ጥቅምት 17

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ካሉበት ቦታ ሰላምታዬ በሙሉ ጤና ያግኝዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ በሥራ ልብሴ እንዳለሁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ገንዘቡም ደርሶኛል። ጋሼ፣ የሚመለስ ብድር አድርጌ አልነበረም የላክሁት፤ ግን ከእርስዎ ጋር ክርክር ገጥሞ ያሸነፈ ስለሌለ ትቼዋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው የአረጋውያን መኖሪያው ነው። አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ግማሾቹ እንደ እርስዎ ናቸው፤ ሳነሳቸው «ልቀቂኝ፣ ራሴ እነሳለሁ» ይሉኛል።

የገለበጡት ቃል «ካውንት ኦን» ይባላል። ሥዕልዎ ከማተሚያ ቤት የወጣ ነው የሚመስለው። ሙሉውን ሲያነቡት «በዚህ መሰላል ይተማመኑ» እንደ ማለት ነው። ግን «መተማመን» ብቻ ብዬ ባልፍ ግማሹን ደብቄብዎታለሁ። እነሱ ይህን ቃል የሚሉት ነገሩ ከመሆኑ በፊት ነው። ከሆነ በኋላማ ምስጋና ነው የሚባለው። ለምሳሌ ባልደረባዬ ነገ ጠዋት ትመጣለች ወይ ተብዬ ስለሷ ይህን ቃል ከተናገርኩ፣ ባትመጣስ ብዬ ሌላ ሰው አላዘጋጀሁም ማለት ነው። መተኪያ አልያዝኩም። ክብደቴን ሁሉ እሷ ላይ ጥያለሁ።

ለሰውም ይሉታል፣ ለዕቃም ይሉታል። ስለ ራስ ሲሉት ደግሞ ቃል መግባት ነው፤ «በእኔ ተማመን» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አልቻልኩም አይልም። አንዳንዴም በኀዘን ይሉታል፣ «በአንተ ተማምኜ ነበር» ብለው። ያን ጊዜ ነገር ተበላሽቷል።

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ እያመለከተች ይህንኑ ቃል አለችኝ። ኮራሁ ጋሼ። ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እርስዎ ከረጢቱን ተሸክመው ሲወጡ የመሰላሉን እግር የሚይዙት እትዬ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። አሁን ማን ይይዝልዎታል?

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 8

ለጥድፌ፤

ሰላምና ጤና ከደጅሽ አይራቅ። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱን ለትርጉሙ፣ አንዱን አለቃሽ ስላለችሽ ነገር። አራተኛውን ስጨርስ ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ገብቼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጺሙ በአረፋ የተሸፈነ ሰውዬ እንኳ «ጎሽ!» አለ።

ይህ ቃልማ የእኔ ነው! ሃምሳ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ በሰው አገር ስም እንደ ወጣለት አላውቅም ነበር። አንድ ቀለም ቀቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ብሩሹን ሲዘረጋ እግሩ ሥር ያለውን እርከን አያየውም። መተኪያ አልያዘም። ክብደቱን ሁሉ ጥሏል። በማን ላይ? በእኔ ላይ ነዋ። አየሽ፣ መሰላል ቃል አይገባም፤ ቃል የሚገባው የሠራው ነው። ያንን ነገር ስረዳ አላስቻለኝም፣ መንገዱን ተሻግሬ ሱቋ ገባሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ መሰላል ላይ ወጥተሽበታል?» አልኳት።

«አባ ሽብልቅ፣ እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ድመት ነኝ?» አለችኝ።

«ታዲያ ሰው ይተማመንበት ብለሽ የምትለጥፊው በምንሽ ነው?»

«ፋብሪካው ነው የለጠፈው።» ከዚያ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ቆይ፣ እርስዎ ደግሞ እንግሊዝኛ መቼ ጀመሩ?»

«ካለፈው ሳምንት ጀምሮ» አልኳትና ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ሳቋ ተከተለኝ።

አሁን ትልቅ ነገር ልንገርሽ። የቀለም ቀቢዎቹ አለቃ፣ ያ ቁመታሙ፣ አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ሊቀባ ተዋውሎ ስምንት መሰላል አዞኛል። ስምንት! በአንድ ጊዜ! አሉሚኒየሙን አይቶ፣ ነካክቶ፣ ወደ እኔ ነው የመጣው። «አባት፣ እርስዎ በወጡበት ላይ ልጆቼን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማስወጣው» አለኝ። እስከ የካቲት ሠላሳ ማስረከብ አለብኝ። ስለዚህ ያንን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁ ጽፈሽ ላኪልኝ። ብረት አግዬ በስምንቱም ጎን ላይ አቃጥዬ እጽፈዋለሁ። ወረቀት ዝናብ ያነሳዋል፤ የእኔን ግን ዘጠኝ ዝናብ አያነሳውም።

ስለ መሰላሉ እግር የጠየቅሽውን አይቻለሁ። ሁለት ደህና ድንጋይ አስደግፌበታለሁ። ድንጋይ አይደክመውም፣ ወሬም አያበዛም።

ሥራ የበዛበት አጎትሽ


ኅዳር 30

ለጋሼ፤

ስምንት መሰላል! ደብዳቤውን ስጨርስ ብቻዬን አጨበጨብኩ። እትዬ ቢኖሩ «አሁንማ ማን ይችለዋል» ይሉ ነበር።

ፊደሎቹን እያንዳንዳቸውን በአንድ ገጽ ጽፌ ልኬያለሁ። ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቅደም ተከተላቸውን እንዳያዛንፉ።

የድንጋዩ ነገር ግን አልጣመኝም። ድንጋይ ሊንሸራተት ሲል አይጮህም። ከዚህ ጋር ትንሽ ገንዘብ አለ፤ ለሌላ ለምንም አይደለም፣ እርስዎ ሲወጡ እግሩን ለሚይዝ ሰው የሚከፈል ነው። እባክዎ ጋሼ። ይህን አንዱን እንኳ አይመልሱብኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 8

ለጋሼ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ። ከኅዳር ወዲህ ድምፅዎ ጠፋብኝ። ሥራ በዝቶብዎ ይሆናል ብዬ ታኅሣሥን ታገሥኩ። ፊደሎቹ ደረሱ? ብረቱ ጋለ? ባለአሉሚኒየሟስ ምን አለች?

የላክሁት ገንዘብ አልተመለሰም። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሁለት መስመርም ብትሆን ይጻፉልኝ።

ጥድፌ


ጥር 24

ለጥድፌ

ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚ። ሥራ ነው። ስምንቱም አልቀው ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ያምራሉ። ገንዘቡን ያልመለስኩት የባንኩ ሰልፍ ረጅም ስለሆነ ነው። ፊደሌ ከተንጋደደብሽ እስክሪብቶው ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ያንን ቃል ሰዎቹ፣ ሰው ተማምኖበት እሱ ግን ያልቻለ እንደሆነ፣ እንዴት አድርገው ነው የሚናገሩት? ለራሴ አይደለም። ለጎረቤት ነው።

አጎትሽ


የካቲት 12

ለምወድዎ ለጋሼ፤

ጎረቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው መሆኑን፣ ከላይ አራት ከታች ስድስት ጥርስ እንዳላቸውም አውቃለሁ።

በግራ እጅዎ ነው የጻፉት። ሁሉም ፊደል ወደ ኋላው ተኝቷል። እስክሪብቶ እንዲህ አያደርግም። ከየትኛው መሰላል ወደቁ? ምንዎ ተሰበረ? አልቆጣም፤ ለመቆጣት አፍም የለኝም። እኔም ደብቄብዎታለሁና።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ሥራ አልገባሁም። በመኖሪያው አንድን ሽማግሌ ከአልጋ ወደ ወንበር የምናዛውረው ሁለት ሆነን ነው፤ ሕጉ ነው፣ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። አንድ ቀን ድሮ ባቡር ነጂ የነበረውን ሽማግሌ ላነሳ ገባሁ። ባልደረባዬ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበረች፣ አንድ ጊዜ ብጠራት ትሰማኛለች። አልጠራሁም። አለቃዬ በሰው ፊት የተናገረችው ቃል በጆሮዬ አለ። እሷ የምትተማመንብኝ እኔ ሌላ ሰው ልጥራ? ብቻዬን አነሳሁት። እሱን ወንበሩ ላይ በደህና አስቀምጬዋለሁ ጋሼ፣ አልጣልኩትም። እኔ ግን ቀና ማለት አቃተኝ። ወገቤ ነው። ባቡር ነጂው ራሱ ነው ደወሉን ተጭኖ ሰው የጠራልኝ።

ሐኪሙ እድናለሁ ብሎኛል፣ ቀስ በቀስ። አሁን በየጠዋቱ ያቺው ባልደረባዬ እየመጣች ጫማዬን ታስርልኛለች። ጫማ! የመጀመሪያው ቀን እንባዬ መጣ፣ ከሕመሙ አይደለም፣ ከንዴት። እሷ ደግሞ ክሩን እየቋጠረች «አንቺ ግን እኔን አታምኚኝም ማለት ነው?» አለችኝ።

ለጎረቤትዎ ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ ሰው ተማምኖበት ያልቻለ ሰው፣ እነሱ ዘንድ ቶሎ ብሎ ይናገራል። ቀኑ ሳያልፍ። «በሌላ ተማመኑ» ለማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው አምጥቶ ቃሉን ለመጠበቅ ነው። ይህን ያኔ ልጽፍልዎ ይገባ ነበር፤ ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር።

ስምንቱ መሰላሎች ካለቁ ለምን ግድግዳ ላይ ቀሩ? አልጠይቅዎም፤ አውቄዋለሁ። እርስዎ አልወጡባቸውም። የካቲት ሠላሳ ደግሞ ቅርብ ነው።

ጥድፌ


መጋቢት 10

ለልጄ ለጥድፌ፤

ወገብሽን ይማርልኝ፣ ቀና ብለሽ ለመሄድም ያብቃሽ። ይህን በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢ።

የወደቅኩት ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ነው። ሌሊቱንም ጨምሬ ሠርቼ ስምንቱም አልቀው ነበርና የመጀመሪያውን ልወጣበት አቆምኩት። ቁመታሙ መጥቶ ቆሟል። ከረጢቱን ተሸከምኩ፣ ሰባት እርከን ወጣሁ። መሬቱ እርጥብ ነበር። አንዱ ድንጋይ ሸተት አለ፣ መሰላሉ ተከተለው፣ እኔ ተከተልኩ፣ ከረጢቱ ደግሞ እኔን ተከተለ። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ፣ ጉልበቴም ተጣመመ። መሰላሉ አልተሰበረም። ጥድፌ፣ መሰላሉ አልተሰበረም። አንድም ሽብልቅ አልተነቃነቀም። ግን መሬት ላይ ተጋድሜ ሳለሁ ከሰዉ መሀል አንዱ «እንጨቱ ተሰብሮበት ነው» ሲል ሰማሁ። ከእጄ ይልቅ ያ ነው ያመመኝ።

ቀድማ የደረሰችው ባለአሉሚኒየሟ ናት። የመሰላሏን ካርቶን በመቀስ ቆርጣ እጄን አጣብቃ አሰረችው። ካርቶኑ ላይ ያ ቃል ነበረበት። እስከ ሐኪም ቤት ድረስ ክንዴ ላይ ይዤው ሄድኩልሽ። ሐኪሙ አነበበና ሳቀ። እኔም «ካውንት ኦን» አልኩት። መሳቁን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ስምንቱ ግድግዳ ላይ ቀሩ። ቁመታሙ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

«አባት፣ አልቀዋል አይደል?» ይለኛል።

«አልቀዋል።»

«ታዲያ ልውሰዳቸው።»

«አልተወጣባቸውም።»

«እኔ እወጣባቸዋለሁ! ሥራዬ አይደለም እንዴ?»

«አንተ ገዢ ነህ። ገዢ የሠሪን ሥራ አይሠራም።»

በሦስተኛው ራሱን ያዘ። «እሺ፣ እስከ የካቲት ሠላሳ ድረስ። ከዚያ ማግስት ግን ማዶ ተሻግሬ እገዛለሁ። እኔም ቃል አለብኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። እጄ ከጀሶ ወጣ፣ ከረጢት ግን አይሸከምም። ጉልበቴ ሁለተኛው እርከን ላይ ይከዳኛል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ሐኪሙ አይስማ። ሳልወጣባቸው ከምሰጥ እዚያው ይበስብሱ ብዬ ቆርጬ ነበር። ያችም ሴትዮ ዝም ብላ መቀመጥ ብቻ ነበረባት፣ ስምንት መሰላል በራሱ ጊዜ ደጇ ይመጣላታል።

ደብዳቤሽ የካቲት ሃያ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። አነበብኩት። መነጽሩን ጠርጌ ደገምኩት። ከዚያ ተነሳሁ። መንገዱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

«አንቺ ሴትዮ» አልኳት።

«አቤት፣ አባ ሽብልቅ።»

«ነገ ምን ሥራ አለሽ?»

«ነገማ የዕቃ ቆጠራ ነው። ከነገ ወዲያ ስምንት መሰላል እሸጣለሁ» አለችኝ እየሳቀች።

«አትሸጪም። የእኔዎቹ ላይ ትወጪባቸዋለሽ።»

ሳቋን ተወች። ድመት ነኝ ወይ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። መነጽሯን አወለቀችና «እግሩን ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ።

ልጄ፣ ከአንቺ በቀር ያንን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«እኔ» አልኳት።

«በዚህ እጅዎ?»

«በአንድ እጅ፣ በሁለት ትከሻ፣ በአንድ ጉልበት። ሁለተኛው ጉልበት ፈቃድ ላይ ነው።»

«እርስዎ የወደቁ ቀን ሰዉ እንጨቱ ተሰበረ ሲል ድንጋዩ ሲንሸራተት አይቼ ነበር» አለችኝ። «ዝም አልኩ። ለሱቄ ጥሩ ወሬ ነበር። እጅዎን እያሰርኩ ዝም አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ መስኮት እነዚያን ስምንት መሰላሎች እያየሁ ነው የዋልኩት። እወጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ሞላ። ቁመታሙ ከነቀለም ቀቢዎቹ መጣ፤ ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ጺሙን ላጭቶ ትቶት መጣ፤ ደንበኛውም ተከትሎት መጣ። እሷ ሱሪ ለብሳ፣ ጫማዋን አጥብቃ ወጣች። ከረጢቱን እናጉድልልሽ ቢሏት «የሱን ያህል» አለች። እኔ ድንጋዮቹን አንስቼ ጣልኳቸው። እግሩ ሥር ተቀመጥኩ፣ ትከሻዬን በአንዱ ቋሚ ሥር አስገባሁ፣ ሌላውን በግራ እጄ አቀፍኩ።

«ይዘዋል?» አለች ከመጀመሪያው እርከን።

«ይዣለሁ!»

ወጣች። ጫፍ ላይ ደርሳ ከረጢቱን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች። ክብደቷ በእንጨቱ ውስጥ ወርዶ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ከላይ ሆኜ ሳውቀው ከታች ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ወረደች። ሁለተኛውን አቆምን። «ይዘዋል?» «ይዣለሁ!» ሦስተኛው። አራተኛው። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ቁመታሙ «ይበቃል እህቴ፣ አምነናል» ቢላት «አንተ ዝም በል፣ አንተ ገዢ ነህ» አለችው። ሰባት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሰባት ጊዜ መለስኩላት።

በስምንተኛው አልጠየቀችም። ከረጢቷን አንስታ ዝም ብላ ወጣች።

ያን ጊዜ ነው ቃሉ የገባኝ፣ ጥድፌ። አንቺ በደንብ ጽፈሽልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ። እትዬሽ አርባ ዓመት ከዚያም በላይ የመሰላሌን እግር ስትይዝ አንድም ቀን «ይዘሻል?» ብዬ ወደ ታች አልጠየቅኳትም። አይቼም አላውቅም። ሰዉ ሁሉ የሚያጨበጭበው ላይ ላለሁት ለእኔ ነበር፤ እኔም ለራሴ ይመስለኝ ነበር።

ቁመታሙ ስምንቱን በጋሪ ጭኖ ሄደ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ግማሹ ነጭ ሆኗል፤ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ። አራት ቀለም ቀቢዎች በአንድ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው አንዱም እግሩ ሥር አያይም። ከሥር ሌሎች አራት ይይዙላቸዋል፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። የላክሽልኝን የእንግሊዝኛ ፊደል አላቃጠልኩበትም። ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ በቁጥሩ ቅደም ተከተል። በመሰላሎቹ ላይ ግን፣ ጋሪው ላይ ከመጫናቸው በፊት፣ ከታችኛው እርከን ሥር፣ በራሳችን ፊደል «እግሩን ሰው ይያዘው» ብዬ አቃጥያለሁ። ባለአሉሚኒየሟ አይታ ለእኔም ይጻፉልኝ አለችኝ። አሉሚኒየም አይቃጠልም አልኳት። በቀለም ይጻፉልኝ አለች። እያሰብኩበት ነው።

እንግዲህ ያሉብኝን ዕዳዎች ልንገርሽ። ሁሉንም ራሴ ነኝ የምከፍላቸው፤ አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢ። ለጸጉር አስተካካዩ፣ ሁለት ወር ሙሉ ቤቴ እየመጣ ጺሜን ስለላጨኝ፣ የሚንገዳገደውን ወንበሩን በአዲስ እግር አቆምለታለሁ። ለዚያ ግማሽ ጺሙን ይዞ ለቆመው ደንበኛ ደግሞ መላጫውን እኔ እከፍልለታለሁ። ለቁመታሙ ስለታገሠኝ ባለአምስት እርከን ትንሽ መሰላል እሠራለታለሁ፣ ለቤቱ፤ እሱም ሳይወጣበት አይሰጠውም። ነርሷን ጀሶውን ስትቆርጥ ተሳድቤባታለሁ፤ ኮፍያዬን አውልቄ ይቅርታ እላታለሁ። የላክሽውን ገንዘብ ለሐኪም ከፍዬዋለሁ። ያንን አልመልስልሽም፤ እግር መያዣ ብለሽ ነው የላክሽው፣ ይዞኛል። ያንቺ ዕዳ ሌላ ነው፦ ስንት ደብዳቤ ስጽፍልሽ ስለ ወገብሽ አንድ ጊዜም አልጠየቅኩም። ሳታጎነብሺ ጫማሽን የምታጠልቂበት ረጅም እንጨት እየላግኩልሽ ነው። ክሩን ግን ያችው ባልደረባሽ ትሰርልሽ። ለባለአሉሚኒየሟ ሱቋ ውስጥ መደርደሪያ እሠራላታለሁ፣ ያለ ሚስማር፣ በሽብልቅ፣ ያወጣችልኝን ስም እየጠራች እንድትኖር።

የመጨረሻው የባለቤቴ ነው። መቃብሯ ያለበት ዳገት አሁን ለብቻዬ አይሞከርም። እሁድ ባለአሉሚኒየሟ ክንዴን ይዛ ታወጣኛለች፤ ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች። የምስጋናውን ቃል ግን፣ እሷ ፈንጠር ብላ ትቆማለች እንጂ፣ ራሴ ነኝ የምናገረው።

አጎትሽ